በደሴ አንድ «ፓላስ» ውስጥ አራት ሌሊት፦ የክፍሎቹ ስምና የክፍሎቹ ምግባር

የእኅቴ ልጅ ሰርግ ሐይቅ ከተማ ላይ ስለነበረ ባለፈው ጥር ወር አራት ሌሊት ደሴ ማደር ነበረብኝ። ጥር እንደሚታወቀው የሰርግ ወር ነው፤ የዘመድ ቤት ሁሉ በእንግዳ ተሞልቶ ስለቆየኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በስልክ አስያዝኩ። የማረፊያውን ስም አልጠቅስም፤ ቤቱ ገና አዲስ ነው፣ የሚታረምበት ጊዜ አለው፣ እኔም ከማመስገን ይልቅ ማማረሩ ሳይበዛብኝ አይቀርም። ለአንባቢ የምሰጠው ምልክት ይህ ብቻ ነው፦ በታፔላው መጨረሻ ላይ «ፓላስ» የሚል ቃል አለ፤ ክፍሎቹም ቁጥር የላቸውም። በቁጥር ፈንታ እያንዳንዳቸው ከመኳንንትና ከባለጸጋ ቤት በተወሰደ ቃል ተሰይመዋል። አንዱ እልፍኝ ነው፣ አንዱ ሰገነት፣ አንዱ ግምብ፤ ከጓሮ ያለው ቪላ ይባላል፤ የምግብ ክፍሉ ደግሞ አዳራሽ ነው። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «የትኛውን ይፈልጋሉ ጋሼ? እልፍኝም አለን፣ ሰገነትም አለን» ስትለኝ፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረም። ዋጋውን በቅጡ ሳልጠይቅ «እልፍኙ ይሁንልኝ» አልኩ።

ስለዚህ ክፍሎቹን የምመዝነው በኮከብ ሳይሆን በራሳቸው ስም ነው። አንድ ማረፊያ «ክፍል ቁጥር 4» ቢለኝ የምጠብቅበት ንጹሕ አንሶላና የሚቆለፍ በር ነው፤ «እልፍኝ» ካለኝ ግን ሳይታወቀው ብዙ ነገር ቃል ገብቶልኛል።

ከታፔላው ልጀምር። «ፓላስ» ብዙ አገር የዞረ ቃል ነው። መነሻው ከሮም ሰባት ኮረብቶች የአንዱ፣ የፓላቲን፣ ስም ነው፤ ቄሣሮቹ ቤታቸውን እዚያ ስለሠሩ የኮረብታው ስም ለቤቱ፣ የቤቱም ስም ውሎ አድሮ ለማንኛውም ንጉሥ ቤት ተሰጠ። ጣሊያኖች ግን ይህንኑ ቃል «ፓላትሶ» ብለው ለማናቸውም ትልቅ ባለ ፎቅ ሕንጻ ይጠሩበታል፤ ተከራይ የሞላበት፣ ልብስ በመስኮቱ የሚሰጣበት አፓርታማ ሳይቀር ፓላትሶ ነው። በጣሊያንኛው ከተዳኘ ባለ አራት ፎቁ የደሴ ማረፊያ ጥፋት የለበትም ማለት ነው። በእኛ ጆሮ ግን ፓላስ ሲባል የሚሰማው ቤተ መንግሥት ነው፤ ቤተ መንግሥት ደግሞ የስፋት ወይም የሀብት ስም አይደለም፣ የሥልጣን ስም ነው። አንድ ነጋዴ ከንጉሡ የሚበልጥ ቤት ቢሠራ ቤቱ ሊደነቅ ይችላል እንጂ ቤተ መንግሥት አይሆንም፤ በአንጻሩ መንግሥቱ ከተማ ለቆ ሲዘምት ንጉሡ ያረፈበት ድንኳን ችሎት የሚዋልበት፣ ሹመት የሚሰጥበት፣ ግብር የሚበላበት ሙሉ ቤተ መንግሥት ነበረ። ደሴ ራሷ ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ የድንኳን ሰፈር ጋር የተያያዘ የስም ታሪክ ያላት ከተማ በመሆኗ ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

መቼም የቤት ስም እንደ ሰው ይሾማል፣ ይሻራል። ፈረንሳዮች ዘንድ «ኦቴል» ማለት በከተማ ውስጥ ያለ የመኳንንት መኖሪያ ነበረ፤ የፓሪስ ማዘጋጃ ቤት እስከ ዛሬ በዚህ ቃል ይጠራል። ያው ቃል ወደ እኛ ትንንሽ ከተሞች ሲደርስ አራት ጠረጴዛና አንድ የሻይ ጀበና ያላት፣ አልጋ የሚባል ነገር የማይታይባት ምግብ ቤትም «ሆቴል» ተባለች። «አልቤርጎ» በጣሊያን የተከበረ ማረፊያ ሲሆን በእኛ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ለአንድ ሌሊት የሚጠጋበት ክፍል ሆኖ ቀረ። ከነዚህ ሁሉ ጋር ሲተያይ «ፓላስ» የሚለው ታፔላ የሚያስቆጣ አይደለም። የሚያስቆጣው ከበሩ የሚጀምረው ነው።

ከፒያሳ በባጃጅ ደርሼ ብረቱን በር ሳንኳኳ ዘበኛው በቀዳዳው አይቶኝ ስሜን ጠየቀ፤ ከዚያም «ከሪሴፕሽን ልጠይቅ» ብሎ ሄደና ጠፋ። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል፤ በጥር ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ያውቀዋል። ሻንጣዬን ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ዘበኛው በመካከል አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ «አብሽር ጋሼ፣ አሁን ይከፈታል» አለኝ፤ አነጋገሩ ደስ ስለሚል ልቆጣው አልቻልኩም። ለነገሩ በዚህ በኩል ቤቱ ስሙን በሚገባ ጠብቋል ማለት ይቻላል፤ የትኛው ቤተ መንግሥት ነው ደጅ ሳይጠና የሚገባበት? በድሮው ሥርዓት ርስት የተወሰደበት፣ ሹመት የፈለገ፣ ፍርድ የጎደለበት ሁሉ በጌታው ደጅ ወራትን ይቆጥር ነበር፤ «ደጅ ጥናት» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚያ ነው። ደጁ ይህን ያህል የከበረ ስለነበር ከታላላቆቹ ማዕረጎች አንዱ፣ ደጃዝማች፣ ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው፤ የደጁ አዝማች ማለት ነው። በነገራችን ላይ የደሴ ሙዚየም ያለው በአንድ ደጃዝማች፣ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ግን ደጅ አላስጠኑኝም።

በመጨረሻ ወደ ግቢው ገባሁ። «ግቢ» የሚለው ቃል ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይበቃዋል። ዋና ትርጉሙ በአጥር የተከለለ ቦታ ከመሆን አያልፍም፤ ነገር ግን በአንድ ዘመን «ግቢ» ብቻ ከተባለ የምኒልክ ግቢ ነበረ፤ «ግቢ ጠርቶታል» ከተባለ ሰውየው ወይ ይሾማል ወይ ይታሰራል። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዚሁ ስሙ ነው የተመዘገበው። ዛሬ ግን ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ግቢ ገባሁ» ማለት ትምህርት ጀመርኩ ማለት ነው፤ ለከተማ ተከራይ ደግሞ ግቢ ስምንት አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚቀዳበት፣ ልብስ የማስጫው ገመድ የሚያጣላበት ስፍራ ነው። አንድ ቃል ከንጉሥ እስከ ተከራይ እንዲህ ሲያገለግል ሌላ አላውቅም። ቤትና ጌታ በስም መወራረሳቸውም የእኛ ብቻ አይደለም፤ «ፈርዖን» የምንለው ቃል በጥንቱ ግብጽኛ ትርጉሙ «ታላቅ ቤት» ነው፤ ቤቱን እየጠሩ ንጉሡን ማለት ሲለምድባቸው ቃሉ የሰውየው መጠሪያ ሆነ። የማረፊያው ግቢ በሲሚንቶ ተለስኖ አራት መኪና ያቆማል፤ ጥግ ላይ አንድ የኮክ ዛፍና ጥቁር ሮቶ አለ። ንጹሕ ነው፤ ከዚህ በላይ ሀተታ አያስፈልገውም።

እልፍኙ ግን ሀተታ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ሌሊት 2,200 ብር ከፍያለሁና።

በድሮ የመኳንንት ግቢ ውስጥ እልፍኝና አዳራሽ የተለያዩ ቤቶች ነበሩ። አዳራሹ የብዙ ሰው ነው፤ እልፍኙ ጌታውና እመቤቲቱ ብቻቸውን የሚሆኑበት፣ ምሥጢር የሚነገርበት፣ የቅርብ ሰው ብቻ ተጠርቶ የሚገባበት ቤት ነው። ስለዚህም ነው «እልፍኝ አስከልካይ» የሚባል ባለሥልጣን የነበረው፤ ስሙ እንደሚናገረው ሥራው መከልከል ነው። ከዚህ የተነሣ እልፍኝን እልፍኝ የሚያሰኘው የምንጣፉ ውፍረት ሳይሆን ጸጥታውና ከልካዩ ነው። የእኔ እልፍኝ ከሪሴፕሽኑ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር ያለ ክፍል ሆኖ አገኘሁት። አልጋው ሰፊ፣ ፍራሹ ጥሩ፣ አንሶላው ነጭና የታጠበ ነው፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ግድግዳው ግን ከሪሴፕሽኑ የሚለየው በስስ ጣውላ ስለሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የገባውን እንግዳ ሁሉ ስም፣ የመጣበትን አገርና ስንት እንዳስቀነሰ ሰምቻለሁ። አንዱ 2,200 የከፈልኩበትን ክፍል ዓይነት በ1,900 ሲጨርስ የሰማሁትም በዚሁ ግድግዳ ነው። ሦስት ጊዜ በሬ ተንኳኳ፦ አንዴ ሳሙና ሊሰጡኝ፣ አንዴ መታወቂያዬን ሊጠይቁኝ፣ አንዴ ደግሞ በስሕተት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ገደማ ደረጃውን የሚወርዱ የሎንቺና ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን በእያንዳንዱ እርከን ላይ አሳረፉት፤ የእርከኖቹን ቁጥር አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ክፍሉን «ሳሎን» ብለውት ቢሆን አንድም ቃል አይወጣኝም ነበር፤ ሳሎን ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ነው። እልፍኝ ብሎ ሰይሞ ከልካይ አለማቆም ግን ቃሉን መበደል ነው።

ጠዋት ላይ ለሪሴፕሽኗ ልጅ ይህንኑ በትሕትና ነገርኳት። አዳመጠችኝ፤ አልተከራከረችኝም፤ «ይቅርታ ጋሼ፣ ዛሬ ሰገነት አወጣዎታለሁ» ብላ በ1,800 ብር አዛወረችኝ። የወሎ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ የተጠየቀው ሰው ራሱ ያጠፋ ይመስለዋል፤ ይህን ጸጋ ማረፊያው በሚገባ ይጠቀምበታል።

ሰገነቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከክፍሎቹ ሁሉ ለስሙ የታመነው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰገነት ከቤት በላይ ያለ፣ ወጥተው የሚመለከቱበት ስፍራ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ከምንጣፉ ተነሥቶ በንጉሥ ቤት ሰገነት ላይ ሲመላለስ ምን እንዳየና ምን እንደተከተለበት ይነግረናል። እኔ ያየሁት ያን ያህል ጣጣ የለበትም፦ በአንድ በኩል ጦሳ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ጣራዎች፣ ከመስጊዱ ሚናራ አልፎ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ በሌላው በኩል መሬቱ ወደ ቆላው የሚያዘቀዝቅበት ሰማያዊ ጉም። ወንበር አውጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። በምኒልክ ቤተ መንግሥት እንቁላል ቤት የተባለው ከፍ ያለ ክፍል ከተማውን ለማየት ያመች ነበር፤ የጎንደሩም እንቁላል ግምብ በጣራው ጉልላቶች ስም ወጥቶለታል፤ ነገሥታቱ ከፍታን ለምን እንደወደዱ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ መረዳት አይከብድም። ጉድለቱ ሌሊቱ ነው። መስኮቱ አልገጠመም፤ ነፋሱ መጋረጃውን እስከ ንጋት ሲያራግበው አደረ። ሁለት ብርድ ልብስ ላይ የራሴን ጋቢ ደርቤም አልሞቀኝም። የውሃ ማሞቂያው አለ፤ ውሃው ግን በኃይል ማነስ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰው ሌሎቹ ሲተኙ ነው። በበጋ ቀን፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢከራይ ግን ሰገነቱ ዋጋውን ያወጣል።

«ግምብ» እና «ቪላ» የተባሉትን አላደርኩባቸውም፣ አስከፍቼ ብቻ አየኋቸው። ግምቡ ግምብ አይደለም፤ ብሎኬት ነው። ግምብ በድንጋይና በኖራ የሚታነጽ፣ ከባለቤቱ ዕድሜ የሚተርፍ ሥራ ስለሆነ ነው ከጎንደር እስከ ደሴው መርሖ ግምብ ድረስ የቦታ ስም ሆኖ የቀረው። ቪላው ግን በእኛ አገር ትርጉም ትክክለኛ ቪላ ነው። ሮማውያን ቪላ ይሉት የነበረው ከከተማ ውጭ ያለውን የእርሻ ርስት ከነመኖሪያው ሲሆን፣ የአውሮፓ ባለጸጎችም ቃሉን ለአትክልት መካከል መዝናኛቸው ወስደውታል፤ አማርኛ ደግሞ ቪላን ከፎቅ ጋር ተቃራኒ አደረገው። «ፎቅ ነው ቪላ?» ብለን እንጠይቃለን እንጂ ባለ ፎቅ ቪላ ሲባል ጆሯችን ይጎረብጠዋል። ከጓሮ ያለው ቤት ምድር ቤት ብቻ ነው፣ የራሱ በረንዳ አለው፣ ቤተሰብ ይይዛል። ልጆች ይዞ ለሚመጣ እሱን እመክራለሁ።

ከላይ አዳራሽ ያልኩት የምግብ ክፍል በመጀመሪያው ማታ ተዘግቶብኝ ነበር፤ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለበት ተባልኩና እራቴን በትሪ አድርገው እልፍኜ አመጡልኝ። አዳራሽ ተዘግቶ እልፍኝ ሲከፈት ማየት ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። በደሴ ከተማ ላይ ደግሞ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ አዳራሽ ለሚለው ቃል ከዚህች ከተማ የበለጠ ባለ መብት የት አለ?

በማግሥቱ ቁርሴን በልቼ አይጠየፍ እስከተባለው አዳራሽ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። በመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ ከ1870 ዓ.ም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክን መንበር በያዙበት ዘመን፣ በ1906 ዓ.ም፣ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ጫኑ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የንግሥናቸው ዘመን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በወጉ አይሞላም፤ የአዳራሻቸው ስም ግን ከከተማው አልጠፋም። የአገራችን ቤተ መንግሥቶች ስም ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ የሚመለከት ነው፦ ገነተ ልዑል የልዑል ገነት ነው፣ ኢዮቤልዩ የተባለው በ1948 ዓ.ም የንግሥናን 25ኛ ዓመት ለማክበር የተሠራ ነው። «አይጠየፍ» ግን ስለ ጌታው ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ እንግዳው ነው። ማንንም አይጠየፍም፣ የመጣውን ሁሉ ያበላል ማለት ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ በአሉታ ግሥ የተሰየመ ሌላ የነገሥታት አዳራሽ የለንም።

እርግጥ ነው ቃሉን ከሚገባው በላይ ማጣፈጥም ደግ አይደለም። በግብር ሥርዓት ሁሉም ይበላል ማለት ሁሉም እኩል ይቀመጣል ማለት አልነበረም፤ መኳንንቱ በጌታው አቅራቢያ አስቀድመው ይበላሉ፣ ከዚያ በየደረጃው ሌላው እየገባ ይተካል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቁት አጋፋሪዎች ናቸው። አለመጠየፍና አለማበላለጥ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የማረፊያውን አዳራሽ ሦስት ጊዜ በልቼበታለሁ፤ ከቤቱ ሁሉ የወደድኩትም እሱን ነው። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የአውሮፓ ግንብ ሥዕል ከየት እንደመጣ ባለቤቶቹም አያውቁም። ነገር ግን ማብሰያ ቤቱ ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ፣ ድስቱም ማማሰያውም ሳይቀር ተለይቶ ይያዛል፤ አስተናጋጁም ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት የቱን እንደምትፈልጉ በማያሳፍር አነጋገር ይጠይቃል። ይህ በወሎ የተለመደ ነው፤ ሰርግ ሲደገስም ሁለት ሰንጋ ይታረዳል። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ መለያየት ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን የማየው ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ሰዓት፣ ሳይሳቀቁ እንዲበሉ የተበጀ ዘዴ አድርጌ ነው። ረቡዕ የጾም በያይነቱ አዘዝኩ፤ ሽሮው ገንፎ አልሆነም፣ ጎመኑ አልነፈረም፣ እንጀራው የዚያኑ ቀን ነው። የቁርሱ ቅንጬ በቅቤ የራሰ ነው፤ ማር ጠይቃችሁ አስጨምሩበት። ዋጋው ከፒያሳ ምግብ ቤቶች አይበልጥም።

በሦስተኛው ቀን ሰገነቱ ለሰርገኞች አስቀድሞ ተይዞ ስለነበር ቦታ ጠፋ። ልጅቷ እያፈረች፣ «ጋሼ፣ ካልተናደዱ ሰርቪስ አንድ ክፍል አለ፣ 700 ብር ነው፤ ስም እንኳ የለውም» አለችኝ። ሰርቪስ በአገራችን ከትልቁ ቤት ጀርባ ለሠራተኛና ለማብሰያ የሚሠራ ተርታ ቤት ነው፤ በክብር ስሞች ዝርዝር ውስጥ ማንም አያስገባውም። ይህኛው ማረፊያው ከመታነጹ በፊት ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ክንድ ያህል ወፍራም፣ በጭድ ጭቃ የተመረገ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የልብስ መስቀያ ሚስማር። ወደ ክፍሉ ለመግባት የቡና ዕቃ የተዘረጋበትን ትንሽ በረንዳ ማለፍ ግድ ነው፤ በዚያ በረንዳ ላይ ደግሞ የባለቤቱ እናት፣ ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ባልቴት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጣሉ። ሻንጣዬን ይዤ ስደርስ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማንን ልድር እንደመጣሁ፣ ስንት ሌሊት እንደምቆይ ጠይቀው ሲያበቁ «ግባ ልጄ፣ ብርድ አይምታህ» አሉኝ።

ያን ማታ መታወቂያ ሊጠይቅ የመጣውን አስተናጋጅ ከበረንዳው መለሱት። «ተኝቷል፣ ነገ» ሲሉት ሰማሁ። አልተኛሁም ነበር፤ ግን የቤቱን እልፍኝ አስከልካይ በመጨረሻ ስላገኘሁ ዝም አልኩ።

በማግሥቱ በረካው ላይ አንድ ሌላ እንግዳ ነበሩ፤ ከቃሉ ወረዳ ለሕክምና የመጡ ሼህ ናቸው። የክፍሎቹን ስም ጉዳይ አንሥቼ ስስቅ እሳቸው ከቁም ነገር ቆጠሩት። በቁርኣን በነምል ሱራ ውስጥ የሳባ ንግሥት ወደ ሱለይማን ቤተ መንግሥት ስትገባ የመስተዋቱን ወለል ውሃ መስሏት ልብሷን እንደሰበሰበች ነገሩንና፣ የዚያ ቤት ስም በዐረብኛው «ሰርሕ» እንደሚባል አስረዱ። እኔም የግእዙን «ጽርሕ» አነሣሁላቸው፤ ሐዋርያት የተሰበሰቡባት ጽርሐ ጽዮን፣ ከሰማያትም የላይኛው ጽርሐ አርያም፣ በዚያው ቃል የተጠሩ ናቸው። በግእዝ ቤተ መቅደስን የምንልበት «ሀይከል» ደግሞ ሥሩ ሲመዘዝ ሱመሮች «ታላቅ ቤት» ይሉበት ከነበረው ቃል ይደርሳል፤ በዕብራይስጥም የንጉሥ ቤትና የእግዚአብሔር ቤት ሁለቱም በእሱ ይጠራሉ። ሼሁ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ይህን ክፍል ምን እንበለው?» አሉኝ። ባልቴቷ ቡናውን እየቀዱ «ምንም አትበሉት፤ ስም ካወጣችሁለት ልጄ ዋጋ ይጨምርበታል» አሉ።

ስለዚህ ደሴ የሚያድር ሰው ከጠየቀኝ፣ ምሳና እራቱን በአዳራሹ እንዲበላ፣ ከሰዓት በኋላውን ሰገነት ላይ ወጥቶ እንዲቀመጥ፣ ሌሊቱን ግን ሰርቪሱን እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። መታጠቢያው ከክፍሉ ውጭ፣ ግቢውን ተሻግሮ ነው፤ ሙቅ ውሃ ከማብሰያ ቤት በባልዲ ይመጣል፣ ከማታው 1 ሰዓት በፊት ማዘዝ ያስፈልጋል። ክፍሉ አንድ ብቻ ስለሆነ በስልክ ማስያዝ አይቻልም፤ የሚሰጡትም የሚከለክሉትም በረንዳው ላይ ያሉት እናት ናቸው።